አንዲት መኪና ለአንድ ቤተሰብ፦ የኤሌክትሪክ ትሁን ወይስ የቤንዚን?

መኪና በደመወዝ ለሚተዳደር ቤተሰብ ከቤት ቀጥሎ ከፍተኛው ግዢ ነው። ለዓመታት የተጣለው ዕቁብ፣ ከቁጠባ ማኅበር የተገኘው ብድር፣ ከበዓል ወጪና ከልጆች ልብስ ላይ እየተቀነሰ የተቀመጠው ጥሪት በአንድ ቀን ፊርማ ይወጣል። ሁለት መኪና ያለው ሰው አንደኛዋ ብትቆምበት በሌላዋ ይሄዳል። አንዲት ብቻ ያለችው ቤተሰብ ግን መኪናዋ በቆመች ቀን የእናቲቱ ሥራ፣ የልጆቹ ትምህርት፣ የታመመው ሰው ሕክምና አብረው ይስተጓጎላሉ። ስለዚህ ነገሩ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዳይሆን፣ ገንዘቡ ከእጅ ከመውጣቱ በፊት በሚገባ ማመዛዘን የባልም የሚስትም ተግባር ነው።

ዛሬ መኪና ለመግዛት የተነሣ ቤተሰብ ሁሉ የኤሌክትሪክ መኪና ጉዳይ ከፊቱ ይጠብቀዋል። እንደሚታወቀው የገንዘብ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2022 የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝ ታክስና ከሱር ታክስ ነፃ አድርጎ፣ ተገጣጥመው ያለቁት 15 በመቶ፣ በከፊል የተገጣጠሙት 5 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ እንዲከፍሉ፣ ሙሉ በሙሉ ተበታትነው የሚገቡት ደግሞ ከቀረጥ ነፃ እንዲሆኑ ወስኖ ነበር። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ከእንግዲህ ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፤ ኤሌክትሪክ ግን ከአገር ወንዝ ይመነጫል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው።

ይህ የአገር ሒሳብ ነው። የአገር ሒሳብ ትክክል መሆኑ ግን የእያንዳንዱን ቤት ሒሳብ አይተካም። አንዲት እናት መጠየቅ ያለባት «የኤሌክትሪክ መኪና ጥሩ ነው ወይ?» ብላ ሳይሆን፣ «ለእኔ ቤት፣ በእኔ ከተማ፣ ያለ ሌላ መኪና ይበቃል ወይ?» ብላ ነው።

ለምን ጥሊሊን መረጥን?

ስለ ኤሌክትሪክ መኪና የሚነገረው አብዛኛው ነገር የአዲስ አበባን ኑሮ የሚመለከት ነው። ፈጣን የቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያዎች በብዛት የሚገኙትም በመዲናይቱ ነው፤ ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. በቦሌ መንገድ የከፈተው ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ለአዲስ አበባ ነዋሪ የሚሠራ ምክር ግን ለክፍለ ሀገር ነዋሪ ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን የጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን ጥሊሊን በምሳሌነት ወስደናል። ጥሊሊ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ፣ በቡሬና በእንጅባራ መካከል የምትገኝ ደጋማ ከተማ ናት። ለጥሊሊ የተሠራ ስሌት በዳንግላም፣ በፍኖተ ሰላምም፣ በሌሎችም መሰል ከተሞች ለሚኖር ቤተሰብ ያገለግላል።

የአዊ ሕዝብ በፈረስ የታወቀ ነው። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሚከበረውን የአገው ፈረሰኞች በዓል የማያውቅ የለም። ፈረስ የሚገዛ አባወራም ጌጡንና አረማመዱን ከማየቱ በፊት ሣሩንና ውሃውን ከየት እንደሚያገኝ ያስባል። የኤሌክትሪክ መኪናም ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም።

የሳምንቱ መንገድና የዓመቱ መንገድ

እንበልና በጥሊሊ የሚኖሩ ባልና ሚስት አሉ። እርሷ መምህርት ናት፤ እርሱ እንጅባራ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ይሠራል። ሦስት ልጆች አሏቸው። ለሥራ፣ ለትምህርት ቤትና ለገበያ በቀን በአማካይ 40 ኪሎ ሜትር ይጓዛሉ ብንል፣ አንዲት የኤሌክትሪክ የቤት አውቶሞቢል በ100 ኪሎ ሜትር ከ15 እስከ 18 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ስለምትፈጅ፣ የቀን ፍጆታቸው ከ6 እስከ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ይሆናል። ለዚህ ዓይነቱ መንገድ የኤሌክትሪክ መኪና ከበቂ በላይ ናት። በዝግታና እየቆሙ በሚነዱበት ከተማ ውስጥ ሞተሯ በከንቱ አይነድም፣ ጭስ የለውም፣ ጠዋት ለማሞቅ ደቂቃ አያባክንም።

ችግሩ ያለው በሳምንቱ መንገድ ሳይሆን በዓመቱ መንገድ ላይ ነው። ለሕክምና፣ ለለቅሶ፣ ለሠርግ፣ ልጅን ዩኒቨርሲቲ ለማድረስ ባሕር ዳር መሄድ አለ፤ ደርሶ መልሱ 280 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ መሄድም አለ፤ መሄጃው ብቻ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ አስቀድሞ ማድረግ ያለበት ነገር፣ ባለፈው አንድ ዓመት የት የት እንደ ሄደ፣ ስንት ጊዜ እንደ ሄደና የትኛው ጉዞ ለነገ የማይባል እንደ ነበር በደብተር ላይ መጻፍ ነው። ከነዚህ ጉዞዎች ውስጥ በአውቶቡስ ሊሆን የሚችለውንና ሊሆን የማይችለውን ይለዩ። የግዢው ውሳኔ ከዚህ ዝርዝር ይጀምራል።

በወረቀት ላይ ያለው ርቀት

ሻጩ «በአንድ ቻርጅ 400 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች» ይላል። ይህ ቁጥር በፋብሪካ መለኪያ የተገኘ ነው። በተለይ ለቻይና ገበያ ለተሠሩ መኪናዎች የሚሰጠው ቁጥር በእውነተኛ መንገድ ላይ ከሚገኘው የበዛ መሆኑ የታወቀ ነው። ስለዚህ ሩቡን ይቀንሱ፤ 400 የተባለው 300 ነው ብለው ያስቡ። ከዚህም ላይ ባትሪውን እስከ መጨረሻው ማድረቅ ስለማይገባ፣ ለመጠባበቂያ አምስተኛውን እጅ ይተዉ። የቀረው 240 ኪሎ ሜትር ነው።

በዚህ ሒሳብ ባሕር ዳር መድረስ ችግር የለውም፤ በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ግን አያስተማምንም። መንገዱም ለመሄጃና ለመመለሻ እኩል አይደለም። ከአዊ ደጋ ወደ ባሕር ዳር ቁልቁለቱ ስለሚያመዝን ፍጆታው ይቀንሳል፤ ሲመለሱ ግን ዳገቱ የበለጠ ኤሌክትሪክ ይበላል። እዚያ ዘመድ ቤት አድረው በቤት ሶኬት ቻርጅ ቢያደርጉ ችግሩ ይቃለላል።

የአዲስ አበባው መንገድ ደግሞ ከርቀቱም ሌላ ዓባይ በረሃ አለበት። በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል መንገዱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ ይወጣል። 2 ሺህ ኪሎ ግራም የምትመዝን መኪና ያንን ዳገት ለመውጣት ብቻ ከተለመደው ፍጆታዋ በላይ 8 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ትፈልጋለች፤ ይህም በሜዳ 50 ኪሎ ሜትር ያህል የሚያስኬዳት ነው። ቁልቁለቱን ስትወርድ ሞተሯ እንደ ማመንጫ እየሠራ ከዚሁ ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል፤ ሁሉንም ግን አይመልስም። ስለሆነም በመንገዱ ላይ የሚሠራ ፈጣን ቻርጀር መኖሩን፣ ሶኬቱም ለመኪናዋ የሚስማማ መሆኑን በስልክ ሳያረጋግጡ ልጆችን አሳፍሮ መነሣት የለየለት ድፍረት ነው። እስከዚያው ለአዲስ አበባ ጉዞ አውቶቡሱን ይጠቀሙ።

ምጣዱና መኪናዋ

ብዙዎች እናቶች «መኪና የሚያክል ነገር ቤታችን ሶኬት ላይ ተሰክቶ ቆጣሪያችንን አያቃጥልም ወይ?» ብለው ይሰጋሉ። ስጋቱ ተገቢ ቢሆንም መልሱ በየኩሽናችን አለ። የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። መኪና በተለመደው የቤት ሶኬት፣ በ220 ቮልትና በ10 አምፔር ቻርጅ ስትደረግ የምትስበው 2.2 ኪሎ ዋት ያህል ብቻ ነው። ልዩነቱ ምጣዱ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዓት በኋላ መነቀሉ፣ መኪናዋ ግን ሌሊቱን ሙሉ ተሰክታ ማደሯ ነው። አሮጌ ሽቦና የላላ ሶኬት ለሁለት ሰዓት የቻለውን ለስምንት ሰዓት ላይችል ይችላል። የእሳት አደጋ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ስለዚህ መኪናዋ ከመገዛቷ በፊት ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ቤቱን ይይ። ለመኪናዋ ብቻ ከቆጣሪው አጠገብ የሚነሣ ወፍራም ሽቦ፣ የራሱ ብሬከርና አስተማማኝ የመሬት ሽቦ ይኑረው። በማከፋፈያ ገመድ ቻርጅ ማድረግ ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን። ገመዱ በዝናብ የሚረግጥና ልጆች የሚጫወቱበት ቦታ አያቋርጥ። ምጣዱና መኪናዋም በአንድ ሰዓት አይሰኩ፤ እንጀራው ቀን ይጋገር፣ መኪናዋ ሰው ከተኛ በኋላ ትሰካ።

በዚህ ዓይነት በስምንት ሰዓት ሌሊት ከ90 እስከ 100 ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ ኤሌክትሪክ ይገኛል። ለ40 ኪሎ ሜትር የቀን ጉዞ በየሁለት ቀኑ መሰካት ይበቃል ማለት ነው። ባዶ የሆነ የ60 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ በዚሁ ሶኬት እስኪሞላ ግን 30 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በኪራይ ቤት የሚኖር፣ ቆጣሪውን ከሌሎች ተከራዮች ጋር የሚጋራ ወይም መኪናውን መንገድ ዳር የሚያሳድር ቤተሰብ ይህ ሁሉ ስለማይመቸው፣ የኤሌክትሪክ መኪናን ብቸኛ መኪናው ባያደርግ ይመረጣል።

የጭንቅ ሌሊት

አንዲት መኪና ብቻ ያለው ቤት ትልቁ ፈተና ምጥ የያዛት ሴት ወይም ትኩሳት ያንቀጠቀጠው ሕፃን በእኩለ ሌሊት ሐኪም ቤት መድረስ ሲኖርበት ነው። የመብራት መቋረጥ ለማንኛችንም እንግዳ አይደለም። በተለይ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት መንገድ የሚዘጋበት፣ ነዳጅ የሚጠፋበት፣ የኤሌክትሪክ መስመር የሚቋረጥበት ጊዜ መኖሩን ነዋሪው በኑሮው አይቶታል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ቤንዚን በውድም ቢሆን በጀሪካን ሊገኝ ይችላል፤ ኤሌክትሪክ ግን በጀሪካን አይቀዳም። በአንጻሩ ማደያው ባዶ ሲሆን መብራት ያለበት ቤት መኪናውን ያስነሣል። እንግዲህ ሁለቱም የየራሳቸው የጭንቅ ቀን አላቸው።

መፍትሔው አንድ ሕግ ማውጣትና ማክበር ነው፤ መኪናዋ ከ60 በመቶ በታች ሆና አትደር። ከላይ ባየነው ስሌት 60 በመቶ ማለት 180 ኪሎ ሜትር ነው። ከጥሊሊ ባሕር ዳር የሚያደርስና ጥቂት የሚያስተርፍ ነው። እንጅባራ ሆስፒታልማ ቅርብ ነው። የቆመች መኪና ባትሪዋ በቶሎ አይወርድም፤ መብራት ለሁለትና ለሦስት ቀን ቢጠፋም ያ ስንቅ ይቆያል። ይህን ሕግ የማትጠብቅ፣ «ነገ እሰካዋለሁ» የምትባል መኪና ግን በክፉ ቀን ጌጥ ብቻ ሆና ትቀራለች።

ነገሩ አዲስ አይደለም

የኤሌክትሪክ መኪና የትናንት ፈጠራ የሚመስላቸው አሉ። ሆኖም ከመቶ ዓመት በፊት በአሜሪካ ከተሞች በብዛት ይነዳ ነበር። የቤንዚን መኪና በእጅ እየተሽከረከረ በሚነሣበት በዚያን ጊዜ፣ ያለ ጉልበትና ያለ ጭስ የምትነሣው የኤሌክትሪክ መኪና በሴቶች ዘንድ ተወዳጅ ነበረች። የታወቀው የመኪና አምራች የሄንሪ ፎርድ ባለቤት፣ ወይዘሮ ክላራ ፎርድ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1914 የተሠራች ዲትሮይት ኤሌክትሪክ የተባለች መኪና ይነዱ ነበር። ሆኖም የፎርድ ቤት ለሩቅ መንገድ ሌላ መኪና አያጣም ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ በኤሌክትሪክ ማስነሻ የሚነሡ የቤንዚን መኪናዎች ሲወጡ፣ ከከተማ ርቃ መሄድ የማትችለው የኤሌክትሪክ መኪና ገበያዋ እየጠፋ ሄደ።

በዘመናችን ደግሞ ኖርዌይን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2024 በዚያች አገር ከተሸጡት 10 አዳዲስ መኪናዎች 9 ያህሉ የኤሌክትሪክ ነበሩ። እዚያ የኤሌክትሪክ መኪና ለቤተሰብ ብቸኛ መኪና ልትሆን የቻለችው መኪናዋ ብቻዋን ስለ ተሻሻለች አይደለም፤ በየመንገዱ ፈጣን ቻርጀር ስለ ተተከለም ነው። ከሁለቱ ታሪክ የምንማረው አንድ ነገር ነው፤ መኪናዋን የምታህለው ያለችበት መንገድ ናት።

ባትሪውና ባለሙያው

ከኤሌክትሪክ መኪና ዋጋ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ባትሪው ነው። ብዙዎቹ ፋብሪካዎች ለባትሪ የ8 ዓመት ገደማ ዋስትና ይሰጣሉ። ይሁን እንጂ መኪናዋ በነጋዴ በኩል ለሌላ አገር ገበያ ከተሠሩት መካከል የመጣች ከሆነች፣ ያ ዋስትና እዚህ ላይሠራ ይችላል። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ በሚወሰን ምንዛሪ ስለሚተመን፣ ከውጭ የሚመጣ ባትሪና መለዋወጫ የነገ ዋጋው ከዛሬው ጋር አንድ ይሆናል ብሎ ማሰብ አይገባም። ዋስትናውን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ፣ የሻጩ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዘው ይቀበሉ።

ያገለገለች ከሆነች የባትሪው ጤንነት በመመርመሪያ መሣሪያ ተለክቶ በወረቀት ይታይ። የመሥሪያ ሰሌዳው በሚያነቡት ቋንቋ መሆኑን፣ የቻርጅ መሰኪያዋም በአገራችን ጣቢያዎች የሚሠራ መሆኑን ያረጋግጡ። ባትሪው ከወለሉ በታች ስለሚቀመጥ፣ ወደ ገጠር ቀበሌ በድንጋያማና በጭቃማ መንገድ የሚመላለስ ሰው ከመሬት ከፍ ያለችውን ይምረጥ።

ስለ መካኒክም ማሰብ ያሻል። ባጃጅና አይሱዙ ሲጠግን የኖረ ጎበዝ መካኒክ ጎማውን፣ ፍሬኑንና ተሽከርካሪ እግሮቿን ይሠራል። ብርቱካንማ ቀለም ያላቸውን ወፋፍራም ሽቦዎች ግን ያልሠለጠነ ሰው እንዳይነካቸው፤ ሰው የሚገድል ኃይል አላቸው። በቅርብ ያለው የሠለጠነ ባለሙያ የት እንደሆነና መኪናዋ ብትቆም በምን ተጭና እንደምትደርስ ከግዢው በፊት ይጠየቅ።

ወጪውን በአንድ ወረቀት

በወር 1 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚሄድ ቤተሰብ በኤሌክትሪክ መኪና፣ በቻርጅ ጊዜ የሚባክነውን ጨምሮ 180 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በትንሽ የቤንዚን መኪና ከሆነ ከ70 እስከ 80 ሊትር ቤንዚን ይፈልጋል። እናቶች የወሩን የመብራት ደረሰኝና የዕለቱን የማደያ ዋጋ ይዘው ራሳቸው ያባዙት፤ ልዩነቱ ለኤሌክትሪክ እንደሚያደላ ያያሉ። የሞተር ዘይትና የዘይት ማጣሪያ ወጪም የለም።

ነገር ግን ሦስት ነገሮች አይዘንጉ። አንደኛ፣ የመብራት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ከፍ እያለ የሚሄድ ነው፤ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮም ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ እንዲስተካከል ተወስኗል። መኪናዋ የቤቱን ፍጆታ ወደ ከፍተኛው እርከን ልታወጣው ትችላለች። ሁለተኛ፣ መኪናዋ ከባድ ስለሆነች ጎማ ቶሎ ትጨርሳለች። ሦስተኛ፣ ቀረጥና ታክስ የሚለዋወጥ በመሆኑ የአምናው ዋጋ ለዘንድሮ ማስረጃ አይሆንም፤ በግዢው ሰሞን በጽሑፍ ይጠየቅ።

የባልና የሚስት ምክር

በብዙ ቤት መኪና የወንድ ጉዳይ ተደርጎ ይታያል። ባል ከጓደኞቹ ጋር መክሮ ይገዛል፤ ሚስት ቁልፉን ስታይ ትሰማለች። ይህ ልማድ መታረም አለበት። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት የጋራ ንብረታቸውን በጋራ እንዲያስተዳድሩ ይደነግጋል፤ አማራ ክልልም የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል። ከሕጉም በላይ የቤቱን የመብራት ፍጆታ፣ የምጣዱን ሰዓት፣ የልጆቹን የሕክምና ቀጠሮ የምታውቀው ብዙውን ጊዜ እናት ናት። ውሳኔው የሚያርፈው በነዚሁ ላይ ስለሆነ ቃሏ ከሁሉ በፊት ሊሰማ ይገባል። መኪናዋ ከተገዛችም በኋላ እናት መንዳት ትማር፣ መንጃ ፈቃድም ታውጣ። በጭንቅ ሌሊት ባል በሌለበት የቆመች መኪና ለማንም አትጠቅምም።

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው። የራሱ ግቢና የራሱ ቆጣሪ ያለው፣ የዘወትር መንገዱ ጥሊሊና እንጅባራ ወይም ጥሊሊና ቡሬ የሆነ፣ ለአዲስ አበባ ጉዞ አውቶቡስ ለመሳፈር የማይከብደው፣ የ60 በመቶውን ሕግም የሚጠብቅ ቤተሰብ የኤሌክትሪክ መኪናን ብቸኛ መኪናው ቢያደርጋት ይጠቀማል። ሥራው በየሳምንቱ ሩቅ የሚያስኬደው፣ በኪራይ ቤት የሚኖር፣ ወይም መብራት በሳምንት ብዙ ቀን በሚጠፋበት ሰፈር ያለ ግን በዋናው መንገድ ላይ ቻርጀር እስኪተከል ቢታገሥ፣ ገንዘቡንም ቢያቆይ ይሻለዋል። መታገሥ ኋላ ቀርነት አይደለም።

እናቶች ከዛሬ ምሽት ጀምሮ ሦስት ነገር እንዲያደርጉ እንመክራለን። የዓመቱን ጉዞ ከባለቤትዎ ጋር ቁጭ ብለው ይጻፉ፤ ለአንድ ወር ያህል መብራት የጠፋበትን ቀንና ሰዓት ይመዝግቡ፤ የቤትዎን ሽቦ ባለሙያ እንዲያየው ያድርጉ። እነዚህ ሦስቱ ገንዘብ የሚያስወጡት ጥቂት ነው፤ የሚያድኑት ግን የብዙ ዓመት ጥሪት ነው።